ታግዷል የተባለው ሰው

ሟቹ ከልብስ ማጠቢያው ቤት ሥር፣ በግቢው በኩል፣ በጀርባው ተንጋሎ ነበር። ትናንት ጀንበር ልትጠልቅ ስትል፣ ራት ሲታደል፣ ከጣሪያው ወድቆ ሞተ። ጠዋት መርማሪዋ ስትደርስ አሁንም እዚያው ነው። ብርድ ልብስ ጣል አድርገውበታል፤ ነፋስ እንዳይወስደውም ጥግ ጥጉን ድንጋይ ጭነውበታል። የተጨነቁት ለብርድ ልብሱ ነው። የማዕከሉ ማኅተም አለበት።

ቦታው ድንበር ነው። ያለ ወረቀት ወንዙን የተሻገሩ ሰዎች ተይዘው እዚህ ይቆያሉ፤ ጉዳያቸው ታይቶ ወይ ይገባሉ ወይ ይባረራሉ። የገባ ሰው ግን በጣት የሚቆጠር ነው።

«ክብርት መርማሪ፣ እንኳን ደህና መጡ» አለ የማዕከሉ ኃላፊ፣ ከረባቱን እያስተካከለ። «ትናንት ምሽት በአንድ እንግዳችን ላይ አሳዛኝ ክስተት ደርሷል።»

«እንግዳ?»

«ተቋማችን እስረኛ የሚለውን ቃል አይጠቀምም።»

«በሩ ግን ከውጭ ነው የሚቆለፈው።»

«ለራሳቸው ደህንነት ነው።»

መርማሪዋ ወደ ብርድ ልብሱ ተመለከተች። «በደንብ ጠብቃችሁታል» አለች።

ጉልበቷን የሚያማት፣ ጡረታዋ የደረሰ ሴት ናት። ሰው ሲዋሻት ያዛጋታል። ይህን የሚያውቁ ባልደረቦቿ፣ እሷ አፏን በእጇ ስትሸፍን ካዩ፣ ተጠርጣሪውን በሐዘን ነው የሚያዩት። አሁንም አፏን ሸፈነች፤ ኃላፊው ግን ይህን አያውቅምና ቀጠለ።

«ነገሩ ግልጽ ነው። ሰውየው ከጣሪያው ወደ አጥሩ ሊዘል ሲል ወደቀ። ከሰዓት በኋላ እገዳ ወጥቶበት ነበር። ሁለተኛ ይህን አገር አይረግጥም ማለት ነው። ተስፋ ቆረጠ።»

«እገዳ መውጣቱን ማን ነገረዎት?»

«ማታ፣ ሰውየው ከወደቀ በኋላ፣ የጥበቃ ክፍሉ ሰሌዳ ላይ አነበብኩት። ከስሙ ጎን ‹ታግዷል› ተብሎ ተጽፏል።»

«ማን ጻፈው?»

«እሱን እንኳ አላጣራሁም። ጎብኚዎች ነበሩብኝ፤ ከምሳ ጀምሮ ራት እስኪያልቅ ከቢሮዬ አልወጣሁም።»

መርማሪዋ ከሟቹ አጠገብ በቁጢጥ ለመቀመጥ ሞክራ ጉልበቷ እምቢ ስላላት፣ አንዱን ድንጋይ አንስታ መቀመጫ አደረገችው። ብርድ ልብሱን ገለጠች። ሸሚዙ የታጠበ ነው፤ እስከ አንገቱ ተቆልፏል። ጺሙ ተላጭቷል። መዳፎቹ ላይ ጭረት የለም። አጥሩ ላይ ያለው እሾሃማ ሽቦ ግን የነካውን ሁሉ የሚቦጭቅ ነው።

«ሥራው ምን ነበር?»

«እዚያ ማዶ የቋንቋ መምህር ነበር ይላሉ። እዚህ መዝገበ ቃላት ነው የሚሉት። እኛ የምንናገረውን ለሌሎቹ ይፈታላቸዋል። ትንሽ ያስቸግር ነበር።»

«ቃል መፍታት ያስቸግራል?»

«ሥርዓት ያዛባል» አለ ኃላፊው።

የጥበቃ አለቃውን ሻምበል ይሉታል። ሻምበልነቱን ማን እንደሰጠው እሱም አያስታውስም። ጥቁሩ ሰሌዳ ከጠረጴዛው ጀርባ ተሰቅሏል፤ ከየስሙ ጎን በጠመኔ «በሂደት ላይ»፣ «ተመላሽ»፣ «በፈቃድ ተመላሽ» ተብሎ ተጽፏል። አንድ ቦታ ላይ ግን እርጥብ ጨርቅ ያለፈበት ባዶ ነገር አለ።

«አጠፋኸው?»

«ሞቶ የለ እንዴ፣ እመይቴ። ምን ያደርጋል ብዬ።»

«ማን ነበር የጻፈው?»

«እኔ አይደለሁም። ማንም ገብቶ ይጽፋል። ስልኩም እዚሁ ጠረጴዛ ላይ ነው፤ ሲጮኽ ያገኘው ያነሳዋል።»

«አንተ ስታነበው ምን ተረዳህ?»

«እገዳ ተጥሎበታል ብዬ ነዋ። ነገ ጠዋት እናጅበዋለን ብዬ ልጆቹን አዘጋጀሁ።»

«ማጀብ ማለት?»

«ድንበር ድረስ መሸኘት።»

«አልሄድም ያለስ?»

ሻምበል ትንሽ አሰበ። «አጥብቀን እናጅበዋለን።»

«ሲወድቅ የት ነበርክ?»

«ራት እያሳደልኩ። ግቢው በሙሉ አይቶኛል። ድው ሲል ጭልፋው ከእጄ ወደቀ።»

ይህን ሲል መርማሪዋ አላዛጋችም። ሰውየው ጨካኝ ነው፤ ለመዋሸት ግን አእምሮው አይፈቅድለትም።

ወደ ጣሪያው የሚያወጣው የብረት ደረጃ በር ተቆልፎ ነበር። «ቁልፉ ያለው ማን ነው?» አለች።

«ኃላፊው፣ እኔ፣ ነርሷና አስተርጓሚው። የእጅ ስልክ ኔትወርክ የሚይዘው ጣሪያው ላይ ብቻ ነው፤ ለዚያ ነው። እንግዶች አይወጡም፤ ስልክም የላቸውም።»

«ሟቹ ቁልፍ ነበረው?»

«ከየት አምጥቶ።»

«እንግዲያው ከፋች ነበረው።»

ደረጃውን እየተነፈሰች፣ በየመሐሉ እየቆመች ወጣች። ጣሪያው ጠፍጣፋ ነው። በአንድ በኩል አጥሩ እስኪዳሰስ ድረስ ቀርቧል፤ አንድ ጎልማሳ ቢዘል ሽቦው ላይ ያርፋል። በሌላው በኩል ግቢው ነው። ሬሳው ከታች፣ በግቢው በኩል ታያት። ወደ አጥሩ ዞር አለች፤ ከዚያም ወደ ሬሳው።

«ሻምበል፣ ከዚህ ለማምለጥ ብትፈልግ ወዴት ትዘላለህ?»

«ወደዚያ ነዋ፣ ወደ አጥሩ።»

«እሱ ወዴት ነው የወደቀው?»

ሻምበል ሬሳውን አየ፤ አጥሩን አየ። እንደገና ሬሳውን አየ። ሌሊቱን ሙሉ ከዚያ ሬሳ አጠገብ ሲመላለስ ያደረ ሰው ነው። «ውይ» አለ በመጨረሻ።

ነርሷን ክሊኒኳ ውስጥ ጓንቶች እያጣጠፈች አገኘቻት። ሥራዋ አንድ ነው፤ የሚባረር ሰው ከመሄዱ በፊት አይታ «ለጉዞ ብቁ» ብላ መፈረም።

«ብቁ ያልሆነ ሰው አጋጥሞሽ ያውቃል?»

«እስካሁን የለም።»

«ባለፈው ሳምንት ትኩሳት የነበረባት ሴት ነበረች አሉኝ።»

«የሄደችው በመኪና ነው» አለች ነርሷ። «በእግሯ አይደለም።»

መርማሪዋ አየቻት። በሥራ ዘመኗ ብዙ ገዳይ አይታለች፤ አንዳንዶቹ ከዚህች ሴት ይልቅ ፊታቸው ይቀላ ነበር።

«ከሟቹ ጋር ተጣልታችሁ ነበር?»

«እሱ ነው የሚጣላኝ። ‹እህቴ፣ ብቁ የሚለው ቃል ትርጉም አለው እኮ› ይለኛል። እኔ ምን ላድርግ? ያ እገዳ ነው የገደለው እንጂ እኔ ምኑም ውስጥ የለሁበትም። ከታገደ በኋላ ሰው ምን አያደርግም?»

«ሲወድቅ የት ነበርሽ?»

«እዚሁ። ብቻዬን።» ድምፅዋ ቀነሰ። «ማንም አላየኝም።»

የአስተርጓሚው ክፍል ሰፊ ነው፤ ግድግዳው ላይ የምስጋና ወረቀቶች ተደርድረዋል። ጫማው ያብረቀርቃል። ሲናገር በየቃሉ መሐል ቆም ይላል፤ ራሱን እያዳመጠ።

«እኔ ቃል ለቃል ነው የምተረጉመው» አለ። «ቃል በእኔ በኩል ሲያልፍ ይጠራል። የእነሱ ቋንቋ እንደሚያውቁት ያልዳበረ ነው። ብዙ ያወራሉ፤ ፍሬ ነገሩ ግን ትንሽ ነው።»

«አብዛኛውን ጊዜ ፍሬ ነገሩ ምንድን ነው?»

«ሥራ ፍለጋ መጣን ነው የሚሉት። ሁሉም።»

«ሁሉም?»

«ሲጠቃለል።»

«ሟቹን ያውቁት ነበር?»

«ያ መምህር ነኝ ባይ? ከሩቅ። መታገዱንም እንደማንኛውም ሰው ሰሌዳው ላይ ነው ያነበብኩት። ዕግዱን ሲሰማ ሰማይ ምድሩ ዞሮበት ይሆናል። ያሳዝናል። እኔ ራስ ምታት ይዞኝ ተኝቼ ነበር፤ ጩኸቱን ስሰማ ነው የተነሳሁት።»

መርማሪዋ አፏን በእጇ ሸፈነች፤ ዓይኗ ግን እንቅልፍ እንደራቃት ሰው ፈጠጠ። አመስግናው ወጣች። እሱም በሩን ሲዘጋ፣ ይህቺ አሮጊት ምንም አልገባትም ብሎ በልቡ ሳቀባት።

የሟቹ እህት ከሴቶቹ ግቢ ሽቦ ጀርባ ተቀምጣለች። ትናንት ማታ ወንድሟ ጋ ልሂድ ብላ ለምና ነበር፤ «የጉብኝት ሰዓት አይደለም» ብለዋታል። ዓይኗ አብጧል።

«ልጄ፣ ነፍስ ይማር» አለች መርማሪዋ።

«እናቴ፣ አልቅሼ ጨርሻለሁ። ይጠይቁኝ።»

«የእኛን ቋንቋ ከየት ተማርሽ?»

«ከወንድሜ። ሁላችንንም ያስተምረን ነበር። የሚፈርዱባችሁን ቃል ካላወቃችሁ መቼ እንደተፈረደባችሁ እንኳ አታውቁም ይለናል። ማቆያ ማለት ፍርድ የሌለው እስር ቤት ነው። በፈቃድ ተመላሽ ማለት ደክሞት እሺ ያለ ሰው ነው። ጥገኝነት ጠያቂ ማለት ገና ጉዳዩ ያልተሰማ፣ ስደተኛ ማለት ደግሞ ተሰምቶ የታመነ። ሕገ ወጥ ሰው ካሏችሁ ደግሞ ሳቁባቸው ይለናል፤ ሕገ ወጥ የሚሆነው ድርጊት ነው እንጂ ሰው አይደለም።»

«ትስቁባቸው ነበር?»

«በልባችን።»

«ዕግድና እገዳስ?»

እህቱ ቀና አለች። «እሱንማ ደጋግሞ ነው ያስተማረን። ዕግድ ማለት ፍርድ ቤት የአባራሪውን እጅ ያዘው ማለት ነው። እገዳ ማለት የተባራሪውን እግር ቆረጠው ማለት ነው። ሁለቱም ‹ታግዷል› ነው የሚባሉት፤ አንዱ ያድናል፣ አንዱ ይጥላል። ጠበቃችን ዕግድ ጠይቃልን ነበር፤ እሱን ነበር የምንጠብቀው። ዕግዱ ከመጣ ፍርድ ቤት ቀርቦ ሁሉንም ሊናገር ነበር።»

«ምኑን?»

«የሁሉንም። የነርሷን ፊርማ፣ የኃላፊውን ‹በፈቃድ›። የእኔንም።» ሽቦውን በጣቷ ያዘች። «ስጠየቅ ወንድሜ አጠገቤ ነበር። ቤታችንን እኛ ውስጥ እያለን አቃጠሉት አልኩ። አስተርጓሚው ‹ቤታችን አርጅቶ ነበር› ብሎ ተረጎመው። እኔ ያኔ አልገባኝም። ወንድሜ ግን ሰማ።»

«ትናንት መጨረሻ ያየሽው መቼ ነው?»

«ራት ሊታደል ሲል። በዚህ በኩል እየሮጠ አለፈ። ይስቅ ነበር። ‹ዜናው መጣ!› አለኝ። ወደ ልብስ ማጠቢያው ታጠፈ። ከዚያ ወዲያ አላየሁትም።»

መርማሪዋ ተመልሳ ጣሪያው ላይ ወጣች። ለሟቹ ጠበቃ ደውላ ትንሽ አወራች። ስትወርድ ሻምበልን ጠርታ፣ «ሁሉንም ምግብ አዳራሹ ሰብስብልኝ። የሟቹንም እህት» አለችው።

«እሷ በዚህ ሰዓት ከግቢዋ መውጣት...»

«አጥብቀህ አጅባት» አለችው።

በአዳራሹ ግድግዳ ላይ «በክብር እንቀበላለን፣ በክብር እንሸኛለን» የሚል ትልቅ ጽሑፍ ተለጥፏል። ኃላፊው ከጽሑፉ ሥር ተቀመጠ። ነርሷ ጥፍሯን ትበላለች። አስተርጓሚው እግሩን አነባብሮ የጫማውን ጫፍ ያያል። እህቱ በር አጠገብ ቆማለች፤ ወንበር የሰጣት የለም። መርማሪዋ የራሷን ወንበር ጎትታ አስቀመጠቻትና ቆማ መናገር ጀመረች።

«ሰውየው ሊያመልጥ አልሞከረም። ለማምለጥ የሚዘል ሰው ወደ ውጭ እንጂ ወደ ግቢ አይዘልም። በጀርባው ነው የወደቀው፤ ስለዚህ ፊቱ ሌላ ሰው ቆሞ ነበር። የደረጃው በር ተቆልፎ የሚውል ነው፤ የከፈተለት ከእናንተ ከአራታችሁ አንዱ ነው።»

«ይህ ከባድ ክስ ነው፣ ክብርት መርማሪ» አለ ኃላፊው።

«ሬሳውም ከባድ ነበር፤ ለዚህ ይሆናል ማንም ያላነሳው።» ቀጠለች። «ታጥቦ፣ ተላጭቶ፣ እየሳቀ ነው የወጣው። ለእህቱ ‹ዜናው መጣ› ብሏታል። ታዲያ እናንተ የምታውቁት ዜና የትኛው ነው? እርስዎ እገዳ አሉኝ። ሻምበል እገዳ አለኝ። ነርሷም እገዳ አለችኝ። ሦስታችሁም ሰሌዳው ላይ ‹ታግዷል› የሚል አንብባችሁ፣ ሰውየው የታገደ መሰላችሁ። እዚህ ቤት ለስደተኛ ደግ ነገር ሊጻፍለት ይችላል ብሎ የሚያስብ የለምና አልፈርድባችሁም። ንቄአችኋለሁ እንጂ።»

ነርሷ ጥፍሯን መብላቷን ተወች።

«የታገደው ግን እሱ አልነበረም። የታገደው መባረሩ ነው። ትናንት ከሰዓት በኋላ የሟቹ ጠበቃ ጥበቃ ክፍል ደውላ ነበር። ‹ዕግድ ተሰጥቷል፤ ለራሱ ንገሩት፤ ነገ ስለ ትርጉሙ እንዲመሰክር አቅርቡት› አለች። ስልኩን ያነሳው ወንድ ነው፤ ‹እሺ፣ እነግረዋለሁ› አላት። እንግዲህ ይህ ወንድ ምን አደረገ? ለማንም አልተናገረም። ሰሌዳው ላይ አንዲት ቃል ብቻ ጻፈ። ቃሏ ሐሰት አይደለችም፤ ግን ያነበባት ሁሉ እንደሚሳሳት ያውቃል። ማታ ሰውየው ሞቶ ሲገኝ፣ ‹ታግዶ ነበር፣ ተስፋ ቆረጠ› እንዲባል። ነርሷ ወንድ አይደለችም። ኃላፊው ከጎብኚዎቹ ጋር ነበሩ። ሻምበልን ራት ሲያሳድል ግቢው ሁሉ አይቶታል።»

አስተርጓሚው ፈገግ አለ። «ራስ ምታት ወንጀል ሆነ ማለት ነው?»

«እርስዎ ደግሞ ምን እንዳሉኝ ያስታውሳሉ? ‹ዕግዱን ሲሰማ› አሉኝ። ሰሌዳውን ብቻ ያነበበ ሰው እገዳ ነው የሚለው፤ ሦስቱም ያሉት እንደዚያ ነው። ዕግድ መሰጠቱ በዚህ ግቢ የተሰማው በዚያ ስልክ ብቻ ነው።»

«ዕግድ፣ እገዳ፣ ያው ነው» አለ አስተርጓሚው። «የአፍ ወለምታ ነው።»

«የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም» አለች መርማሪዋ። «ያው ነው እያልክ ነው ይህን ሁሉ ዓመት የሰው ነፍስ ያሻገርከው።» አንቱታው መቅረቱን ሁሉም ሰሙ። «ቋንቋቸውን አታውቅም። የገበያ መግባቢያ ያህል ነው የምታውቀው። ያልገባህን ሁሉ ‹ሥራ ፍለጋ› አደረግከው። እሱ ደረሰብህ። ዛሬ ፍርድ ቤት ቢቀርብ፣ ያስባረርካቸው ሰዎች ሁሉ ጉዳይ እንደገና ሊከፈት ነው። ‹ጠበቃህ ስልክ ላይ ናት፣ ዕግዱ መጣልህ› ብለህ ጣሪያው ላይ አወጣኸው። ከዚያ ስልኩን እየጠበቀ ጀርባውን ሲሰጥህ፣ ከኋላ ተጠግተህ እንደ ሌባ ገፋኸው።»

«ከኋላ አልገፋሁትም!» አለ አስተርጓሚው። «ፊት ለፊት ነው የነገርኩት። ተወው፣ ዝም በል ብዬ ለመንኩት። አንድ ስደተኛ፣ እኔን፣ ‹ይህ ቃል እንዲህ አይደለም የሚባለው› እያለ ጣቱን እየቀሰረ...»

ንግግሩን አቋረጠ። የምስጋና ወረቀቶቹ ሁሉ ተሰብስበው ከዚህ ሊያወጡት እንደማይችሉ ገባው።

«ሬሳው በጀርባው እንደተገኘ ከመጀመሪያው ነግሬህ ነበር» አለች መርማሪዋ። «ሰው ሲሳሳት ማረም ትወዳለህ። መታረሙን ነው የማትችለው።»

እህቱ ከወንበሯ ተነስታ ፊቱ ቆመች። በራሷ ቋንቋ ቀስ ብላ አንድ ነገር አለችው። አስተርጓሚው ዓይኑን አንከራተተ። አልገባውም። እሷም አልደገመችለትም፤ ተመልሳ ተቀመጠች።

ሻምበል ሰውየውን ይዞ ሲወጣ ከበሩ ውጭ አውቶቡስ ጥሩምባ ነፋ። ኃላፊው ሰዓቱን አየና ተነሳ።

«እንግዲህ ጉዳዩ መቋጫ ካገኘ፣ የዛሬዎቹን ተመላሾች ልሸኝ። ተሳፍረው እየጠበቁ ነው።»

«ቃላቸውን ማን ነው የተረጎመላቸው?»

ኃላፊው ከረባቱን ነካካ። «ያው... ሌላ አስተርጓሚ የለንም።»

«ስለዚህ እሱ ያዛባውን ቃል የሚያውቁት እነሱ ናቸው፤ የግድያው ምክንያትም ያ ነው። ከአሁን ጀምሮ ምስክሮቼ ናቸው።»

«ምስክር?» ኃላፊው ግራ ገባው። «እንዲህ ያለ ምድብ እኮ የለንም።»

«አሁን አላችሁ። የግድያ ምስክር ሳይመሰክር ከአገር ያስወጣ ሰው ይታሰራል። ይህኛው ቃል ሌላ ስም የለውም፤ እስር ነው።»

ኃላፊው ተመልሶ ከጽሑፉ ሥር ተቀመጠ። ነርሷ የፈረመችባቸውን ሰዎች በመስኮት ማየት አልደፈረችም።

እህቱ አውቶቡሱ ላይ ወጥታ፣ መባረሩ መቅረቱን በቋንቋቸው ነገረቻቸው። ማንም ከቦታው አልተነሳም። እዚህ ግቢ ውስጥ መልካም ነገር ተነግሯቸው ስለማያውቅ ሌላ ወጥመድ መስሏቸዋል። አንዲት አሮጊት ጥቅሏን ጭኗ ላይ አድርጋ ረጅም ጥያቄ ጠየቀቻት፤ እሷም እንባዋን እየዋጠች ረጅም መልስ መለሰችላት። አሮጊቷ የወንድሟን ነገር ስትሰማ ጉንጯን በሁለት እጇ ያዘቻት። ከዚያ ጥቅሏን አንስታ ወደ በሩ መጣች።

«ምን አለቻት?» አለ አስተርጓሚውን ቆልፎበት የተመለሰው ሻምበል፣ ከታች ቆሞ።

«አላውቅም» አለች መርማሪዋ። «ቋንቋቸውን አልችልም፤ አንተም አትችልም። ዝም ብለህ እጃቸውን ያዝላቸው፤ ደረጃው ከፍ ያለ ነው።»

ሻምበል ጠመንጃውን ወደ ጀርባው አዞረና እጁን ዘረጋ።